በስንቅ ዕቃ የተከፈተ እስር ቤት

ጁላይ 16 ቀን 1942 ገና ሳይነጋ፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ማውዛክ በምትባል የገጠር መንደር ካለ የእስረኞች ካምፕ አሥራ አንድ ሰዎች በሩን በቁልፍ ከፍተው ወጡ። (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አብዛኞቹ ከለንደን በድብቅ የተላኩ የእንግሊዝ ወኪሎች ነበሩ። አብሯቸው የወጣው አሥራ ሁለተኛ ሰው ደግሞ እንዲጠብቃቸው የተቀጠረው ዘበኛ ነው። ሲነጋ ፖሊስ ጫካውን ቢያስስ፣ መንገዱን ቢዘጋ አንዱንም አላገኘም።

ይህ ማምለጥ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በወጡት ወንዶች ስም ነው። በር እስኪከፈት ያለውን የወራት ሥራ ካየነው ግን ጉዳዩ የሁለት ሴቶች ነው። አንዷ ከካምፑ ርቃ ሊዮን ከተማ ተቀምጣ ገንዘቡን፣ መኪናውን፣ መደበቂያውን አዘጋጀች። ሌላዋ ስንቅ ይዛ በዋናው በር እየገባች ለማምለጫ የሚያስፈልገውን ዕቃ አንድ በአንድ አቀበለች።

መጀመሪያ ሰዎቹ እንዴት እንደታሰሩ እንይ። ፈረንሳይ በ1940 በጀርመን ከተሸነፈች በኋላ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ሰሜኑንና የአትላንቲክን የባሕር ዳርቻ የጀርመን ጦር ያዘ፤ ደቡቡ በማርሻል ፔታን ለሚመራውና መቀመጫውን ቪሺ ላደረገው መንግሥት ተተወ። በቪሺ ግዛት ሰላይ የሚያድነው የፈረንሳይ ፖሊስ ራሱ ነው። እንግሊዞች በጠላት መሬት ሴራና አመፅ የሚያደራጅ ልዩ የዘመቻ ጽሕፈት ቤት፣ በአጭሩ ኤስኦኢ የሚባለውን፣ አቋቁመው ሰዎቻቸውን በፓራሹት ማውረድ ጀምረው ነበር። በኦክቶበር 1941 ማርሴይ ከተማ ያለው መገናኛ ቤታቸው ተደረሰበት። ፖሊስ ቤቱ ውስጥ አድፍጦ የመጣውን ሁሉ ያዘ። ከተያዙት አንዱ በሬዲዮ መልእክት እንዲያስተላልፍ በፓራሹት ወደ ፈረንሳይ የተላከው የመጀመሪያው የኤስኦኢ ሰው ዦርዥ ቤጌ ነበር። በቢቢሲ ሬዲዮ ተራ ሰላምታ የሚመስል ዓረፍተ ነገር እየተነበበ በምስጢር ትእዛዝ እንዲተላለፍ ያሰበው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማጣት ለለንደን ትልቅ ኪሳራ ነበር።

ወደዚያ ቤት እንድትመጣ የተጠራች አንዲት ሴት ግን አልሄደችም። ነገሩ አላማራትም። ቨርጂኒያ ሆል ትባላለች፤ የባልቲሞር ተወላጅ አሜሪካዊት ናት። ቀደም ሲል በአሜሪካ ኤምባሲዎች ውስጥ ጸሐፊ ሆና ስትሠራ በ1933 ቱርክ ውስጥ ለአደን ወጥታ የገዛ ጠመንጃዋ ባርቆ ግራ እግሯን መታት፤ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ በእንጨት እግር ነበር የምትሄደው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ዲፕሎማት መሆን አትችይም ብሎ ከለከላት። እንግሊዞች ግን ተቀበሏት፤ በ1941 የኒውዮርክ ፖስት ጋዜጠኛ ነኝ በሚል ሽፋን ሊዮን ገባች። አሜሪካ ያን ጊዜ ጦርነት ውስጥ ስላልነበረች አሜሪካዊት ጋዜጠኛ በቪሺ ግዛት እንደ ልቧ ትዘዋወር ነበር። በጋዜጠኛ ስም ትጠይቃለች፣ ትሰማለች፣ ትጽፋለች፤ ያየችውን ሊዮን በሚገኝ አንድ አሜሪካዊ ዲፕሎማት በኩል በዲፕሎማሲ ቦርሳ ወደ ለንደን ትልካለች። በእኛ አገር በፋሽስት ወረራ ዘመን የውስጥ አርበኞች ይሠሩት የነበረውን ሥራ ነው የምትሠራው፤ ልዩነቱ የሰው አገር ላይ መሆኗ ነው።

ሁለተኛዋ ጋቢ ብሎክ ናት። ባሏ ዣን ፒየር ብሎክ የፈረንሳይ ፓርላማ አባልና ሶሻሊስት ነበር፤ እንግሊዞቹን ረድቷል ተብሎ አብሯቸው ታሰረ። እሷም ተይዛ ነበር፤ በኋላ ተለቀቀች። ስትለቀቅ ልጆቿን ይዛ ርቃ መሸሽ ስትችል ተመልሳ ወደ እስር ቤቱ በር ሄደች። ባሏ አይሁዳዊ ነበር። በ1942 ፈረንሳይ የታሰረ አይሁዳዊ ሚስት ፖሊስ ፊት ደጋግማ መቅረቧ ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ማሰብ ያስፈልጋል።

እስረኞቹ መጀመሪያ የተያዙት ፔሪጉ ከተማ ባለ ወህኒ ነበር። ብርድ፣ ቁንጫ፣ ረሃብ ያለበት ቦታ ነው። በ1942 የጸደይ ወራት ወደ ማውዛክ ተዛወሩ፤ ዝውውሩን ለማግኘት ሆል ያላትን ትውውቅ ሁሉ ተጠቅማለች። ማውዛክ የጣውላ ቤቶች ያሉበት፣ በእሾሃማ ሽቦ የታጠረ፣ ዘብ በማማ ላይ የቆመበት ካምፕ ነው። ከግንብ ወህኒ ይልቅ ለማምለጥ ይቀላል፤ ከሁሉ በላይ ግን ዘመድ ስንቅ እንዲያስገባ ይፈቀዳል።

ሆል ራሷ ወደ ካምፑ መቅረብ አልቻለችም። የምታነክስ አሜሪካዊት በዚያች ትንሽ መንደር ብትታይ በአንድ ቀን ወሬዋ ይሰማ ነበር። ስለዚህ ቤጌ ከውስጥ በድብቅ ደብዳቤ ሲልክላት ከጋቢ ጋር ተገናኝታ ሥራውን ተካፈሉ።

ስንቅ የሚያመላልስ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ የጋቢን ሥራ ያውቀዋል። ዘበኛው ዕቃውን ይፈትሻል፤ ፊትህን ያያል፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከመጣህ ይለምድሃል። ሚስት ለባሏ ምግብ ማምጣቷ ማንንም አያስገርምም፤ ጋቢ የተጠቀመችውም በዚህ ነው። በምግቡና በልብሱ መካከል ሞረድና ሌላ ትንንሽ መሣሪያ አስገባች። ሰርዲን በቆርቆሮው አመጣች፤ ዓሣው ተበልቶ ቆርቆሮው ቀረ። ቤጌ እጁ የሠለጠነ ሰው ነበር፤ ዳቦ ለውሶ የበሩን ቁልፍ ቅርጽ አነሳ፣ ከዚያ በሞረዱ ቆርቆሮውንና ያገኘውን ብረት እየሞረደ ቁልፍ ሠራ። ተፈትሾ ያለፈ ስንቅ ቁልፍ ሆነ ማለት ነው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ ጋቢ በገባች ቁጥር ዘበኛው ፊት ቆማ እጇ አለመንቀጥቀጡ። አንድ ሞረድ ቢያዝባት እሷም ባሏም አለቀላቸው ነበር።

ከዚያ ሬዲዮው ገባ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለት እግሩን አጥቶ የተመለሰ አንድ ሽማግሌ ካቶሊክ ቄስ በተሽከርካሪ ወንበር እስረኞቹን ሊጠይቅ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን በሰፊ ቀሚሱ ሥር መልእክት ማስተላለፊያ ሬዲዮ ይዞ ገባ። ቤጌ እዚያው እስረኞቹ ከሚኖሩበት ቤት ለለንደን መልእክት መላክ ጀመረ። ለንደኖች ሰዎቻቸው የት እንዳሉና ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከራሳቸው ከእስረኞቹ አፍ ሰሙ።

ቁልፍ ቢኖርም ያለ ዘበኛ አይሆንም። ጋቢ ከዘቦቹ መካከል የጀርመን ወረራ ያንገሸገሸውን ሰው ፈልጋ አገኘች፤ ሆሴ ሴቪያ የሚባል። ክፍያው ቀላል ነበር፤ እኔም አብሬያችሁ ለንደን ልግባ አለ። በቀጠሮው ሌሊት በእሱ ተራ እስረኞቹ በሩን ከፍተው፣ አንድ በአንድ ሜዳውን አቋርጠው፣ በሽቦው ሥር ሾልከው ጠፉ።

አምልጦ መውጣት የነገሩ ግማሽ ነው። ብዙ እስረኛ የሚያዘው ከአጥር ወጥቶ የሚገባበት ሲያጣ ነው። እዚህ ላይ የሆል ሥራ ይታያል። መኪና ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ጫካ ውስጥ ባዶ ቤት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ስንቅ ነበር። ፖሊስ እያሰሰ ሳለ ሰዎቹ ተደብቀው ቆዩ፤ ፍለጋው ሲበርድ በቡድን በቡድን እየተከፈሉ ወደ ሊዮን ሄዱ። በኦገስት አጋማሽ ግድም ሁሉም ሆል እጅ ገብተው ነበር። ከዚያ በፒሬኔ ተራሮች አድርገው ስፔን፣ ከስፔን እንግሊዝ ገቡ። የኤስኦኢን የፈረንሳይ ታሪክ የጻፈው ሊቅ ኤም አር ዲ ፉት በጦርነቱ ከተደረጉት መሰል ሥራዎች እጅግ ጠቃሚ ከሆኑት ይመድበዋል። ምክንያቱም የወጡት ሰዎች አልተቀመጡም። ቤጌ ለንደን ሆኖ የሬዲዮ ግንኙነቱን መራ። ማይክል ትሮቶባስ ተመልሶ ሊል ከተማ ላይ ትልቅ የአመፅ መረብ ዘረጋ፤ በ1943 እዚያው ተገደለ። ፊሊፕ ሊየቬ ተመልሶ ሩዋንና ለሃቭር አካባቢ ሠራ። ፍራንሲስ ጋሬል ዳግመኛ ተይዞ ቡኸንቫልድ በሚባል የጀርመን ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ተገደለ።

ዋጋው በሊዮንም ተከፈለ። በዚያው ዓመት ሮቤር አሌሽ የሚባል ሌላ ቄስ የሆልን ሰዎች ተጠጋ። ይህ ሰው ለጀርመን የስለላ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ከሐዲ ነበር። በእሱ ጥቆማ የሆል ቀኝ እጅ የነበረው ዶክተር ዣን ሩሴ ተይዞ ቡኸንቫልድ ተላከ። የሴተኛ አዳሪዎች ቤት የነበራትና ወኪሎችን ታስጠልል የነበረችው ዠርሜን ጌራን ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የሴቶች ማጎሪያ ተጋዘች። ሁለቱም በሕይወት ተመለሱ። አሌሽ ከጦርነቱ በኋላ ተፈርዶበት በ1949 ተረሸነ።

በኖቬምበር 1942 ጀርመኖች ደቡቡንም ሲወርሩ ሆል ለማምለጥ ጥቂት ሰዓት ነበራት። በክረምት በረዶ ፒሬኔን በእንጨት እግሯ በእግር ተሻገረች። ስፔን ስትደርስ ያለ ፈቃድ ድንበር አቋርጠሻል ተብላ ታሰረች፤ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ደክመው አስፈቷት። በ1944 ለአሜሪካኖቹ የስለላ ድርጅት ተቀጥራ፣ አሮጊት ገበሬ መስላ እንደገና ፈረንሳይ ገባች፤ በኦት ሉዋር የገጠር ተዋጊዎችን በሬዲዮ እየጠየቀች መሣሪያ አስታጠቀች። በ1945 አሜሪካ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ሰጠቻት፤ በዚያ ጦርነት ይህን ሜዳሊያ ያገኘች ብቸኛ ሲቪል ሴት ናት። ፕሬዚዳንት ትሩማን በአደባባይ ሊሸልሟት ፈልገው ነበር። ሆል በድብቅ መሥራቴን ልቀጥል ስለምፈልግ ፊቴ ባይታወቅ ይሻለኛል አለች፤ ሜዳሊያውም ያለ ሕዝብ፣ በቢሮ ውስጥ ተሰጣት።