መውጫ የሌለው ሐይቅና የፋብሪካ ፍሳሽ

ድሮ ፋብሪካ ወንዝ ዳር ይተከል የነበረው ወንዙ ውሃ ስለሚሰጥና ቆሻሻ ስለሚወስድ ነው። ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ፋብሪካዎች በትልቁና በትንሹ አቃቂ ዳር የተሰለፉትም እንዲሁ ነው። ጉዳቱ የደረሰው ግን ከታች በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ በሚያለሙት ገበሬዎች፣ አትክልቱን በሚበላው ከተሜም ላይ ነው።

ሐዋሳ ላይ እንዲህ ማድረግ ከቶ አይቻልም። ሐይቁ የጥቁር ውሃን ወንዝ ይቀበላል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው ሲተን የገባበት ጨውና ኬሚካል እዚያው ይቀራል፤ ዓሣውም የሚኖረው በዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲነደፍ፣ ፍሳሹ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ከሼዶቹ ጋር አብሮ ታሰበ። መልሱ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር እንዲያስተናግድ የታቀደ የጋራ ማጣሪያ ሆነ።

ዘዴው ዜሮ ፈሳሽ ልቀት ይባላል። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ በቧንቧ ወደ ማጣሪያው ይመጣል። መጀመሪያ ጥራጊው ይለያል፤ ቀጥሎ አየር በሚነፋባቸው ገንዳዎች ውስጥ ባክቴሪያዎች የሚበሰብሰውን ነገር ይበሉታል። የቀረው በከፍተኛ ግፊት፣ ጨውን እንኳ እምብዛም በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ውስጥ ይገፋል። አብዛኛው ውሃ ንጹሕ ሆኖ ወደ ፋብሪካዎቹ ይመለሳል። ወፍራሙ ጨዋማ ውሃ ደግሞ እየፈላ ይተንና ደረቅ ጨው ይቀራል።

ወጪው ቀላል አይደለም። መግፋቱም ማፍላቱም ብዙ ኃይል ይበላል፤ የተረፈው ጨውና ዝቃጭም በጥንቃቄ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል። ያም ሆኖ ወጪው ተገቢ ነው እላለሁ፤ አንዴ የተበከለን ዝግ ሐይቅ ማጽዳት ከዚህ እጅግ ይከብዳልና።

ከዚህ አልፎ መሄድም ይቻላል። በዴንማርኳ ካሉንድቦርግ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአንዱ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ለሌላው ግብዓት ሆኗል፤ የኤሌክትሪክ ጣቢያው እንፋሎት ለጎረቤት ፋብሪካዎች ይደርስ ነበር፤ ጭሱ ሲጣራ የሚገኘው ጂፕሰም ለግድግዳ ሰሌዳ ውሏል። እኛም የፓርኩን የጨርቅ ቁርጥራጭና ዝቃጭ በዚህ ዓይን ማየት መጀመር አለብን።

በአካባቢያችሁ የኢንዱስትሪ ፓርክ ካለ ወይም ሊሠራ ከታቀደ፣ ስንት ሰው ይቀጥራል ከሚለው ጋር ፍሳሹ የት ይሄዳል፣ ማጣሪያውስ ሌት ተቀን ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።