ሳሙናው ከምሳ በፊት ይምጣ

ልደታ ውስጥ ያለው ሰንጋ ተራ ስሙ እንደሚናገረው የከብት መገበያያ ነበር። ዛሬ በ2009 ዓ.ም. ዕጣ የወጣባቸው የ40/60 ፎቅ ቤቶች ቆመውበታል። ሠፈሩ ቢለወጥም የልጆቹ እጅ ያው ነው፤ ኳስ ያነሣል፣ አፈር ይዝቃል፣ መጸዳጃ ቤት ይገባል፣ ከዚያም እንጀራ ይቆርሳል።

እጅ መታጠብ ለቤታችን እንግዳ ነገር አይደለም። ማዕድ ሲቀርብ ትንሹ ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዞ ያስታጥባል። ነገር ግን ከመጸዳጃ ቤት ለሚወጣ ሰው የሚያስታጥብ የለም። ከምግብ በፊትም ብዙዎቻችን በውኃ ብቻ ነው የምናለቀልቀው፤ ሳሙናው የሚፈለገው ከተበላ በኋላ፣ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ ነው። (ይህን የምጽፈው ራሴንም ታዝቤ ነው።)

ጀርም በእጃችን ወዝ ላይ ይጣበቃል፤ ውኃ ብቻውን ደግሞ ወዝን አይፈታም። ሳሙና ወዙን ሲያላቅቀው ውኃው ጀርሙን ጠርጎ ይወስዳል። ለዚህም መዳፍን፣ የጣቶችን መካከልና ጥፍርን 20 ሰከንድ ያህል ማሸት ያስፈልጋል። ተቅማጥ፣ ታይፎይድና በጥፍር ሥር የሚደበቀው የወስፋት ዕንቁላል በእጅ ወደ አፍ ይገባሉ፤ ትራኮማም በእጅ ወደ ዓይን ይተላለፋል። ልጁ ጓደኛውን ሲያጎርስ ደግሞ የአንዱ እጅ የሁለት ሰው ጉዳይ ይሆናል።

ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ይመግባል። መልካም ነው፤ ሆኖም መቶዎች በአንድ ጊዜ ወደ ቧንቧ ይሮጣሉ። እስቲ እናስላው፦ 300 ልጆች፣ 5 ቧንቧ፣ ለአንድ ልጅ ግማሽ ደቂቃ ብንል ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ከኋላ ያለው ልጅ ጣቱን አርሶ ቢሮጥ በእርሱ አይፈረድም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀንማ ጣቱንም አያርስም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ በየደጁ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ቆሞ ነበር። ፍርሃቱ ሲበርድ ብዙዎቹ ደረቁ። እንዲህ ያለውን በርሜል በመጸዳጃ ቤቱና በመማሪያ ክፍሉ መካከል ማቆም፣ ክፍሎችን በተራ ከምሳ አስቀድሞ ማስወጣት ይቻላል። ሳሙና ይጠፋል ለሚሉ ደግሞ ጥቂት የዱቄት ሳሙና በሃይላንድ ውኃ በጥብጦ፣ ክዳኑን በስቶ በገመድ ማንጠልጠል በቂ ነው፤ ማንም በኪሱ ይዞት አይሄድም።