ሚዛኑ ከላፕቶፑ ጋር ሲጣላ፦ ድራይቨር መቼ ይታደሳል፣ መቼስ ይተዋል?

በሀርጌሳ የቁም እንስሳት ገበያ አብዛኛው ዋጋ ዛሬም የሚቆረጠው በዓይን ግምት፣ በጨርቅ ሥር በሚጨባበጡ ጣቶች ነው። ሆኖም በኪሎ ለሚረከብ ገዢ የሚያቀርብ ነጋዴ ሚዛን ያስፈልገዋል፤ የሚዛኑን ቁጥር የሚመዘግበው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቤቱ ላፕቶፕ ነው። ማታ ኮድቡር ቤቱ ሒሳብ የሠራበትን፣ ልጆቹም ፊልም ያዩበትን ላፕቶፕ ጠዋት ይዞ ወደ በረት ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ሚዛኑ ይሠራል፣ ኪሎውም በሰሌዳው ላይ ይታያል፤ ላፕቶፑ ግን ምንም አልደረሰኝም ይላል። ዊንዶውስ ሌሊቱን ራሱን አድሶ አድሯል። ወደ በርበራ የሚሄደው መኪና ቆሞ ይጠብቃል፣ ፍየሎቹም ሳይበሉና ሳይጠጡ ፀሐይ ላይ በቆሙ ቁጥር ክብደታቸው ይቀንሳል።

ብልሽቱ ያለው ድራይቨር በሚባለው ፕሮግራም ላይ ሊሆን ይችላል። ድራይቨር በዊንዶውስና በአንድ መሣሪያ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ነው። የከብት ነጋዴ ይህን ለመረዳት ደላላውን ማሰብ ይበቃዋል (በሶማሊኛም ያው ዲላል ነው)። ደላላው የሁለቱንም ወገን ቋንቋ ያውቃል፤ ከተቀየረ ወይም ከጠፋ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው አይግባቡም። ፕሪንተሩ፣ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ስክሪኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድራይቨር አላቸው።

የሚዛን ነገር ከሌላው ይለያል። ብዙ የእንስሳት ሚዛኖችና አንዳንድ የጆሮ መለያ ማንበቢያዎች ቁጥር የሚልኩት በድሮው ባለ 9 እግር ሲሪያል ገመድ ነው። ዛሬ የሚሸጡ ላፕቶፖች ይህ መሰኪያ ስለሌላቸው ነጋዴው ሲሪያልን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ይገዛል። በገመዱ ራስ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለ፤ ድራይቨሩም የሚያነጋግረው ይህን ቺፕ እንጂ ሚዛኑን አይደለም። ቺፑን ከሚሠሩት መካከል የታወቁት ኤፍ.ቲ.ዲ.አይ እና ፕሮሊፊክ ናቸው፤ የሁለቱም አስመስሎ የተሠራ ቺፕ በዓለም ገበያ በብዛት ይሸጣል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ኤፍ.ቲ.ዲ.አይ ያወጣው አዲስ ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት በኩል በየቤቱ ገባ። ድራይቨሩ አስመስሎ የተሠራ ቺፕ ሲያገኝ የመለያ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይቀይረው ነበር። ከዚያ በኋላ ገመዱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካም አይታወቅም። ገመዱን በቅን ልቦና የገዛው ሰው ትናንት ይሠራ የነበረ ዕቃው ሞቶ አደረ። ቁጣው ሲበረታ ድራይቨሩ ከዊንዶውስ አፕዴት ላይ ተነሣ። ፕሮሊፊክ የመረጠው መንገድ ለዘብ ያለ ቢሆንም ውጤቱ ያው ነው፤ አዲሱ ድራይቨሩ አሮጌውን ቺፕ ሲያይ ከ2012 ጀምሮ ከምርት የወጣ መሆኑን ጽፎ አልሠራም ይላል። ስለዚህ ገመድ ሲገዛ ርካሹን መምረጥ ለአንድ ሰሞን እንጂ ለዓመታት አያዋጣም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የመጀመሪያው ሥራ ዲቫይስ ማኔጀርን መክፈት ነው። የስታርት ምልክቱ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ፖርትስ በሚለው ሥር የገመዱ ስም ይታያል፤ አጠገቡ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለበት ድራይቨሩ ተጣልቷል ማለት ነው። ስሙን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ድራይቨር በሚለው ገጽ ላይ ሮል ባክ ድራይቨር የሚለውን መጫን የቀድሞውን ይመልሳል። ቁልፉ ደብዝዞ አልጫን ካለ አፕዴት ድራይቨር ውስጥ ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት ድራይቨሮች ራስ መርጦ አሮጌውን ቀን የያዘውን መውሰድ ይቻላል። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ በረት ላይ ቆሞ በ5 ደቂቃ ያልቃል።

ቢጫ ምልክት ከሌለ ግን ድራይቨሩን መነካካት አያስፈልግም። ገመዱ ትናንት በግራ በኩል ተሰክቶ ዛሬ በቀኝ ከተሰካ ዊንዶውስ የኮም ቁጥሩን ሊቀይረው ይችላል። የሚዛኑ ፕሮግራም ኮም 3 ላይ እየጠበቀ ገመዱ ኮም 5 ላይ ይቀመጣል። ገመዱን ወደ ድሮ ቀዳዳው መመለስ ወይም በፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥሩን ማስተካከል በቂ ነው። ለዚህ ሲባል ስንት ጊዜ ዊንዶውስ በሙሉ እንደ አዲስ ተጭኗል!

ታዲያ ማደስ የሚገባው መቼ ነው? አንድ መሣሪያ ሲበላሽ፣ አዲስ ዕቃ ሲገዛ፣ ወይም አምራቹ የደህንነት ቀዳዳ ደፍኛለሁ ሲል። ፋይሉ የሚወሰደው ከላፕቶፑ ወይም ከመሣሪያው አምራች ገጽ፣ አለዚያም ከራሱ ከዊንዶውስ አፕዴት ነው። ድራይቨሮችህ ሁሉ አርጅተዋል እያሉ በማስታወቂያ ብቅ የሚሉ ፕሮግራሞች ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም ያልተፈለገ ነገር ጭነው ይሄዳሉ። በኪሎባይት ለሚከፍል ሰው ያ ራሱ ኪሳራ ነው። በአምራቹ ገጽ ላይ ከድራይቨሮቹ ጋር ተደርድሮ የሚታየው ባዮስ ደግሞ ድራይቨር አይደለም፤ እሱ እየተጫነ መብራት ከሄደ ላፕቶፑ ጨርሶ ላይነሣ ስለሚችል ባትሪው ሳይሞላና ቻርጀሩ ሳይሰካ አይነካም።

ሥራ የሚበዛበት የአረፋ ሰሞን፣ የጤና ምስክር ወረቀትና የጭነት ዝርዝር በቀን ስንት ጊዜ የሚታተምበት፣ ለማደስ አይሆንም። በዊንዶውስ 11 የአፕዴት ገጽ ላይ ማዘግየት የሚለው ምርጫ እስከ 5 ሳምንት ይሰጣል፤ ያ ለሰሞኑ ይበቃል። መርከቡ ከሄደ በኋላ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ አስቀድሞ ሪስቶር ፖይንት ፈጥሮ አንድ በአንድ ማደስና እያንዳንዱን መሞከር ነው። ሁሉም ባንድ ላይ ከታደሰ የትኛው እንዳበላሸ አይለይም። ዊንዶውስ 10 የያዙ ላፕቶፖች እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 14፣ 2025 ወዲህ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ስለተቋረጠባቸው የባንክና የሐዋላ ሥራ የሚሠራባቸው ከሆነ ወደ 11 መሸጋገሩ ይሻላል፤ ከመሸጋገሩ በፊት ግን ገመዱ ላይ ያለው ቺፕ በአዲሱ መሥራቱ ይጠየቅ።

የሚሠራው የሚዛንና የፕሪንተር ድራይቨር ፋይል፣ ከዋይፋዩ ጋር፣ በፍላሽ ላይ ተቀድቶ ከሚዛኑ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። የዋይፋዩ ድራይቨር ከተበላሸ ሌላውን ማውረጃ መንገድ የለምና። ፍላሹ ከጠፋም ስልክን በቻርጅ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ከስልኩ ቅንብር የዩኤስቢ ቴተሪንግን ማብራት ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ኢንተርኔት ይሰጣል።