የስሌት ዝናብና የአብነት መዝገቡ

የክረምት ደመና ከፉሪ ተራራ በኩል ተነሥቶ በለቡና በጀሞ ላይ ሲወርድ የሚመለከት ሰው፣ ያ ዝናብ መሬት ከመንካቱ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ውስጥ በስሌት ዘንቦ እንደ ነበረ ላያስበው ይችላል። በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ለትንበያ ከሚገለገልባቸው መሣሪያዎች አንዱ፣ በአሜሪካ ኮሎራዶ ያለው ብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማእከል ከሌሎች ጋር ሆኖ ያበጀውና ደብሊው አር ኤፍ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ሞዴል ነው። ሞዴሉ ምድሩን በአራት ማእዘን ክፍሎች ከፍሎ በየክፍሉ ሙቀትን፣ ነፋስንና ዝናብን ያሰላል፤ የአንዱ ክፍል ጎን 9 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ወደ 68 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በስፋቱ ከአንድ ክፍል አይበልጥም።

የሞዴሉ ውጤት ግን ለሰው ዓይን የተዘጋጀ ጽሑፍ ሳይሆን፣ ኔትሲዲኤፍ በተባለ ቅርጽ የተከማቸ ግዙፍ የቁጥር ፋይል ስለ ሆነ፣ ከውስጡ የሚፈለገውን ለይቶ የሚያወጣ አንባቢ ፕሮግራም መጻፍ ግድ ይሆናል። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው፣ አንባቢው ፕሮግራም ያወጣው ቁጥር እውነተኛ መሆኑን ለመፈተን የሚያስፈልጉት የአብነት ፋይሎች በምን ሥርዓት እንደሚሰናዱ ነው።

አስቀድሞ ስሕተቱ በየት በኩል እንደሚገባ ማየት ይገባል። ሞዴሉ ዝናብን በሁለት ዓምድ ለይቶ ይጽፋል፤ አንደኛው ከአንዱ ክፍል ስፋት ያነሱ ነጎድጓዳማ ደመናዎች ያዘነቡትን በግምት የሚይዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሞዴሉ በቀጥታ አስልቶ የደረሰበትን ይይዛል፤ ሁለቱም ስሌቱ ከተጀመረበት ሰዓት አንሥቶ እየተደመሩ የሚሄዱ እንጂ በየሰዓቱ ከዜሮ የሚጀምሩ አይደሉም። ለምሳሌ ዛሬ ጠዋት በ3 ሰዓት የመጀመሪያው ዓምድ 12፣ ሁለተኛው 5 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ፣ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ደግሞ 19 እና 8 ቢደርሱ፣ የአንዱ ቀን ዝናብ ከ27 ላይ 17 ተቀንሶ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ዓምዶቹ እየተደመሩ መሄዳቸውን የዘነጋ ፕሮግራም 27 ብሎ ያወጣል፤ አንዱን ዓምድ ብቻ ያየ 7 ይላል። ሦስቱም ቁጥሮች ለክረምት ቀን የሚመስሉ ናቸውና ማንም አይጠረጥራቸውም፤ ፕሮግራሙም ሳይሰናከል ሥራውን ይፈጽማል። በጎርፍ ሥጋት ውስጥ በወንዝ ዳር ለሚኖር ቤተ ሰብ ግን የ10ና የ27 ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሰዓቱም ሌላ ወጥመድ ነው። የጣቢያ ተመልካች የዝናብ መለኪያውን የሚያነበው ጠዋት በ3 ሰዓት ሲሆን፣ ፋይሉ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነውና ያው ቅጽበት በእርሱ ዘንድ 6 ተብሎ ይገኛል፤ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት የቆረጠ አንባቢ ከጣቢያው መዝገብ ጋር ሊስማማ አይችልም።

እንግዲህ የአብነት ፋይል ማለት፣ ከግዙፉ ውጤት ጥቂት ክፍሎችና የሁለት ቀን ሰዓታት ብቻ ተቆርጠው፣ የሞዴሉ ስሪት፣ የተሰላበት ቀንና ያሰላው ባለሙያ ተጽፎባቸው፣ ትክክለኛው መልስ በአጠገባቸው በግልጽ ጽሑፍ የተቀመጠላቸው ማለት ነው። የቁም ጸሓፊ የገለበጠውን ከእናቱ መጽሐፍ ጋር እንደሚያናብብ፣ ይህም መልስ በሌላ መሣሪያ ተነብቦ በእጅ ተሰልቶ መገኘት አለበት፤ የሚፈተነው ፕሮግራም ራሱ ያወጣውን ቁጥር ወስዶ መልስ ብሎ መመዝገብ፣ ብዙ ሰዎች የሚያደርጉት ቢሆንም፣ ስሕተቱን ማጽናት እንጂ መመርመር አይባልም።

በዚህ ረገድ እጅግ የማደንቀው አብነት የሚገኘው በኬሚስትሪ ነው። ሲሲሊብ የተባለው፣ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈና ማንም በነጻ የሚጠቀምበት አንባቢ፣ ጋውሲያን፣ ጋሜስ፣ ኦርካና ሌሎችም ፕሮግራሞች ስለ ሞለኪውል አስልተው እያንዳንዳቸው በየልማዳቸው የሚጽፉትን ውጤት ወደ አንድ መልክ ያመጣል። አዘጋጆቹ በየፕሮግራሙ ልዩ ልዩ ሞለኪውል በመሰብሰብ ፈንታ፣ ዳይቫይኒልቤንዚን የተባለውን አንዱን ሞለኪውል በሁሉም አስልተው አስቀመጡ። ሞለኪውሉ 10 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን ስላለው አተሞቹ 20፣ ኤሌክትሮኖቹ 70 ናቸው፤ ኤሌክትሮኖቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ 35 ምሕዋሮችን ይሞላሉ፤ የንዝረቱ ዓይነትም 3 በ20 ተባዝቶ 6 ሲቀነስለት 54 ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች ማንም ተማሪ በወረቀትና በእርሳስ ሊደርስባቸው ይችላል፤ ስለዚህ አንባቢው የመጨረሻው የተሞላ ምሕዋር ተራ ቁጥር 34 ነው ሲል፣ ፓይተን ከ0 ስለሚቆጥር ልክ መሆኑ፣ 35 ቢል ግን አንድ ቦታ መዝለሉ ወዲያው ይታወቃል። ፋይሎቹ በፕሮግራሙ ስም፣ ከሥሩም በስሪቱ ይመደባሉ፤ አዲስ ስሪት ሲመጣ አሮጌው አይጣልም፤ ቀድሞ የተሰላ ውጤት ያለው ተመራማሪ ነገም ሊያስነብበው ይፈልጋልና። በልዩ ልዩ ጊዜ ስሕተት ያጋለጡ ፋይሎች ደግሞ ብዛታቸው ዋናውን ማኅደር እንዳያከብደው በሌላ ማከማቻ ለብቻቸው ይጠበቃሉ።

ለአገራችን የዝናብ አንባቢ ግን ከባሕር ማዶ ማኅደር የማይገኝ አንድ ተጨማሪ አብነት ያስፈልገዋል። ፋይሉ ቀኑን የሚጽፈው በግሪጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጳጉሜን 6 ሆኖ ዋለ፤ በሌሎቹ ዓመታት ያው ቀን መስከረም 1 ነው። ስድስተኛዋን የጳጉሜን ቀን የማያውቅ ፕሮግራም የዚያን ቀን ዝናብ ወደ 2016 ያሻግረዋል። ስለዚህ የዚያ ቀን ፋይል ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ከሚል መልስ ጋር፣ የማግሥቱም መስከረም 1 ቀን 2016 ከሚል መልስ ጋር ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይገባል፤ የዓመቱ የዝናብ ድምር ተዘግቶ አዲሱ የሚከፈተው በሁለቱ መካከል ነውና፣ አንዱን ይዞ ሌላውን የተወ ማኅደር ግማሹን ብቻ ፈትኗል።