«ኮንሴንቲሬ» የተባለው የኢጣሊያንኛ ግሥ ፍችና አገባብ

«ኮንሴንቲሬ» የሚለው የኢጣሊያንኛ ግሥ ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ ጥንተ ፍችው «በአንድነት መሰማት» ማለት ነው። በዛሬው አገባቡ ሦስት ዋና ዋና ፍችዎች አሉት፤ እነርሱም መስማማት፣ መፍቀድና ማስቻል ናቸው። ከሦስቱ የትኛው እንደ ተፈለገ የሚታወቀው በግሡ ብቻ ሳይሆን በባለቤቱና በተሳቢው ጭምር ነው።

ይኸውም አንድ ሰው ለቀረበለት ሐሳብ «ኮንሴንቴ» ሲባል «ይስማማል» ማለት ነው። አባት ልጁ እንዲወጣ «ኮንሴንቴ» ሲባል ደግሞ «ይፈቅድለታል» ማለት ይሆናል። ባለቤቱ ሰው መሆኑ ቀርቶ ሕግ፣ ጊዜ ወይም ገንዘብ ሲሆን ግን ግሡ «ያስችላል» የሚለውን ፍች ይይዛል።

የዚህ ልዩነት ክብደት ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ በግልጽ ይታያል። የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭ ጉዳያቸው በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣሊያንኛው ግን የ«ኮንሴንቴ» ባለቤት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስለሆኑ፣ በኢጣሊያ መንግሥት ለመገልገል «ይስማማሉ» የሚል ግዴታ ያዘለ ፍች ተሰጠው። ባለቤቱ «ይህ ውል» ሆኖ ንጉሠ ነገሥቱ በተሳቢነት ገብተው ቢሆን ኖሮ፣ ያው ግሥ «ያስችላቸዋል» ተብሎ ስለሚፈታ ከአማርኛው ጋር በተስማማ ነበር።

የኢጣሊያ መንግሥት በዚሁ አንቀጽ ተመርኩዞ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር መሆኗን በ1882 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ትርጓሜውን ተቃውመው በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ተፈጸመ፤ በ1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት አረጋገጠ። የጦርነቱ መንሥኤ አንድ ግሥ ብቻ ነበር ማለት አይደለም፤ የቅኝ ግዛት ፍላጎቱ ቀድሞ የነበረ ሲሆን፣ ግሡ ለዚያ ፍላጎት ሕጋዊ ሽፋን ሆኖ አገለገለ።

እንግዲህ የቋንቋ መምህራንና የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ከዚህ የሚያገኙት ትምህርት አለ። ተማሪ የባዕድ ቋንቋን ግሥ ከአንድ የአማርኛ ቃል ጋር ብቻ አጣምሮ ቢያጠና፣ ቃሉን ያውቃል እንጂ አገባቡን አያውቅም። ስለዚህ ማንኛውም ግሥ ከባለቤቱና ከተሳቢው ጋር በሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊቀርብ፣ ባለቤቱ ሲለወጥም ፍችው እንዴት እንደሚለወጥ ተማሪው ራሱ እያነጻጸረ ሊለማመድ ይገባል።