አረፋው ከየት ይመጣል?

ካዛንቺስ ድራፍት ቤት ገብቶ ያዘዘው ጃምቦ ግማሹ አረፋ የሆነበት ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቀጂውን ነው፤ አረፋ እየሸጠ ከበርሜሉ ያተርፋል ብሎ። ቀጂው ደግሞ በጋዙ ያመካኛል። ጎንበስ ብሎ የሬጉሌተሩን ቁልፍ ያዞርና ግፊቱን ይቀንሳል። የሚቀጥለው ጃምቦ ትንሽ የተሻለ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ይብሳሉ። ድራፍትን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ይሄው ለመጠገን ተብሎ የሚደረገው ነገር ነው።

ሰፈሩ ለቢራ እንግዳ አይደለም። የአገሪቱ የመጀመሪያው ቢራ ፋብሪካ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም የተተከለው ከዚሁ ብዙም በማይርቀው ሜክሲኮ አካባቢ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ከነባሩ ካዛንቺስ ብዙው ፈርሶ፣ ቤቶቹም ደንበኞቹም ተበታትነዋል። ድራፍቱ ግን ግቢ ውስጥም ገብቷል። ለሠርግና ለምርቃት ማሽኑን ከነበርሜሉ ተከራይቶ ድንኳኑ ጥግ ማቆም የተለመደ ሆኗል። እዚያ ደግሞ የሚቀዳው የአክስት ልጅ ነው፤ ጥፋቱም የባሰ ነው።

ማሽኑ ራሱ ውስብስብ አይደለም። አንድ የብረት በርሜል፣ አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር፣ ግፊቱን የሚመጥን ሬጉሌተር፣ ቢራውን የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ማቀዝቀዣና መቅጃ ቧንቧ ናቸው። ጋዙ በበርሜሉ አናት ገብቶ ቢራውን ከላይ ይጫነዋል፤ ቢራው በመሀል ባለው ዘንግ ከሥር ተነሥቶ ይወጣል። ብዙ ሰው የጋዙ ሥራ መግፋት ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ሥራው ግን ሌላ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ቢራ በሊትር 5 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውስጡ ሟሙቶ ይዟል፤ ከላይ ያለው ግፊት ይህ ጋዝ ካለበት እንዳይወጣ ይይዘዋል። ግፊቱ ሲላላ ጋዙ ቱቦው ውስጥ እያለ ከቢራው መላቀቅ ይጀምራል፤ ቧንቧው ጋ የሚደርሰውም አረፋ ሆኖ ነው። ጌጁን የቀነሰ ቀጂ አረፋውን የጠራው ራሱ ነው የምለው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጌጅ የሚለካው ደግሞ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ላይ በ3 ዲግሪ ለቀዘቀዘ ቢራ 0.75 ባር ይበቃል ተብሎ ከተጻፈ፣ እዚህ 1 ባር ገደማ ያስፈልጋል። መመሪያውን ቃል በቃል የተከተለ ሰው ሩብ ባር ጎድሎበታል ማለት ነው። ከቧንቧው የወጣውንም ቢራ የሚቀበለው ሳሳ ያለ አየር ስለሆነ፣ ሁሉ ነገር ቢስተካከል እንኳ የአዲስ አበባ ጃምቦ ከጅቡቲው ትንሽ አረፋ ቢበዛበት አይገርምም።

ይህም ሆኖ ከከፍታው ይልቅ በተደጋጋሚ የሚያጠፋው ሙቀት ነው። ቢራ በሞቀ ቁጥር ጋዙን መያዝ ያቅተዋል። በ3 ዲግሪ 1 ባር የበቃው ያው ቢራ 20 ዲግሪ ሲደርስ ከ2 ባር በላይ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ማሽኖችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በርሜሉን ራሱን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል። ሁለተኛው በርሜሉን ውጭ ትቶ ቢራውን በበረዶ ውሃ ውስጥ በተጠቀለለ ረጅም ቱቦ አሳልፎ በመንገድ ላይ ያቀዘቅዘዋል። የሁለቱ ግፊት ፈጽሞ አንድ አይደለም። ለፍሪጁ የሚሆነውን 1 ባር ለሁለተኛው የሰጠ ሰው አረፋ ይቀዳል። ለሁለተኛው የሚሆነውን ለፍሪጁ የሰጠ ደግሞ ቢራውን እንደ እሳት አደጋ ቱቦ ያስፈነጥረዋል፤ ሲያድርም ቢራው ከልክ ያለፈ ጋዝ ይጠጣል። መብራት ሲሄድ ፍሪጅ ውስጥ ያለው በርሜል ቶሎ አይሞቅም፤ ከሞቀ በኋላ ግን ተመልሶ ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ይፈጅበታል። መብራቱ መጣ ተብሎ ወዲያው መቅዳት ኪሳራ ነው።

ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ አረፋው የሚመጣበትን ጊዜ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ አረፋ ሆኖ ሁለተኛው ከጠራ፣ የሞቀው ቧንቧውና እሱ ጋ ያለው ቱቦ ነው፤ በርሜሉ ጤነኛ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አረፋ ከሆነ በርሜሉ ሞቋል፣ ወይም ግፊቱ አልተስማማውም፣ ወይም ፒካፕ ላይ ኮብልስቶን ሲያንገጫግጨው ቆይቶ ሳያርፍ ተከፍቷል። እየተፋ፣ እየተቆራረጠ የሚወጣ ከሆነ ቢራው አልቋል፤ ካላለቀ ደግሞ በርሜሉ አናት ላይ ያለው ጎሚኒ ተበልቶ ጋዙ ቱቦው ውስጥ እየገባ ነው። የሲሊንደሩ ጌጅ ግን አያታልላችሁ። ውስጡ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ በክፍል ሙቀት 57 ባር አካባቢ ያሳያል፤ ሊያልቅ ሲል ነው የሚወርደው። ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳውቀው ሚዛን ነው።

ስለ ቆሻሻ ማንም ማውራት አይወድም። ቱቦና ቧንቧ ውስጥ የሚጋገረው እርሾና የቢራ ድንጋይ ሸካራ ነው፤ ጋዝ ደግሞ ሸካራ ነገር ሲያገኝ እዚያው አረፋ ይሠራል። ቱቦው በየ14 ቀኑ ለዚሁ በተዘጋጀ ኬሚካል ታጥቦ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ አለበት። በየቤቱ ይህ ይደረጋል ብዬ አልምልም። ብርጭቆው ላይ የቀረ ላርጎ ወይም ቅባት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የሚፈለገውን አረፋ ይገድለዋል። ጠጪው አረፋ ስለሌለው ደስ ይለው ይሆናል፤ ነገር ግን ከላይ ሁለት ጣት ያህል አረፋ የሌለው ድራፍት ያልታጠበ ወይም የሞተ ነው።

አቀዳዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሰው ፈርቶ ቧንቧውን ግማሽ ይከፍተዋል፤ ጠባቡ ቀዳዳ ቢራውን እየደበደበ አረፋ ያደርገዋል። ብርጭቆውን አዘንብሎ ቧንቧውን በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው መክፈት ነው ትክክሉ።

ለድግስ ማሽን የምትከራዩ ከሆነ በርሜሉ በዋዜማው ይምጣላችሁና ጥላ ሥር ይረፍ፤ የፍሪጁ ዓይነት ከሆነም እዚያው ውስጥ ይደር። አከራዩን ቱቦው መቼ እንደታጠበ ጠይቁት፤ ግፊቱንም እሱ ራሱ አስተካክሎ ይሂድ። ሲሊንደሩን ቀጥ አድርጋችሁ ከግድግዳ ወይም ከዓምድ ጋር እሰሩት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢያፈተልክ ሰው ስለሚያፍን አየር በማይገባበት ጠባብ ክፍል አታስቀምጡት። አረፋ ሲበዛ መጀመሪያ የቢራውን ቅዝቃዜ፣ ቀጥሎ ጎሚኒውን እዩ። ሬጉሌተሩን በመጨረሻ ንኩት።