«አይጠይቁት፣ ያሳስቡታል»

ታላቅ ወንድሙ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ መጥቶ ነው ልጁን ይዞልኝ የገባው። ልጁ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ረዳት ነው። ሎጊያ ላይ ወርዶ «ከእንግዲህ አልሄድም» ብሎ ቀርቷል። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይቀምስም፣ ከሰው አያወራም። ወንድምየው ያልሞከረው ነገር የለም፤ መክሯል፣ ተቆጥቷል፣ በስልኩ የታሚል ትርጉም ፊልም ሳይቀር ጭኖለታል። ፊልሙ ላይ ተስፋ የቆረጠው ሰውዬ በመጨረሻው ሰዓት ደግ ሰው ያገኛል፣ አንድ ንግግር ይሰማል፣ ይነሳል። ልጁ ፊልሙን ጨርሶታል፤ እንደተኛ ነው።

«ራሴን ላጥፋ ብለህ አስበህ ታውቃለህ?» አልኩት። ወንድምየው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ምን ነካዎት ዶክተር? ያላሰበውን ያሳስቡታል እንዴ?» (ነርስ ነኝ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ እዚህ ዶክተር ነው።) ልጁ እንዳቀረቀረ «አዎ» አለ።

ይህ ቁጣ ሰልችቶኛል። ከእናቶች እሰማዋለሁ፣ ከሽማግሌዎች እሰማዋለሁ፤ የሚያናድደኝ ግን ከባልደረቦቼ ስሰማው ነው። ካርዱ ላይ «ራስን የመጉዳት ሐሳብ የለውም» ተብሎ ይመጣል፤ ሕመምተኛውን ስጠይቀው «ማንም አልጠየቀኝም» ይለኛል። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም። በግልጽ መጠየቅ አደጋውን እንደሚያባብስ ጥናቶች አላሳዩም፤ ብዙ ሕመምተኞች እንዲያውም ሲጠየቁ ቀለል ይላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያም ጠይቁ ነው የሚለው። ዝም ስላልን የሞት ሐሳብ ከሰውዬው አይወጣም፤ ብቻውን እንዲሸከመው ነው የምንፈርድበት።

አፋር ምድር ላይ ይህን መፍራታችን ደግሞ ይገርመኛል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ለዳጉ፣ ለወሬ ልውውጡ፣ ይቀመጣሉ፤ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ ከብቱን፣ የታመመውንና የሞተውን ይጠያየቃሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ይህን ሁሉ መጠየቅ የሚችል ሰው ወንድሙን «መኖር አስጠልቶሃል?» ለማለት ለምን ይፈራል?

ፊልም አልጠላም። በ2009 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት የወሰደውን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ደጋግሜ አይቻለሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ጀርመን አገር እግሩን አጥቶ መንደሩ ሲገባ ቅዠቱ ተከትሎት ይመጣል። እናቱ ጸበል ትወስደዋለች፤ ያም ሆኖ ባንድ ጊዜ አይቃናም። ቀስ በቀስ ነው፤ አዛኑ ከምትባል ሴት ጋር ይቀራረባል፣ ልጆች ማስተማር ይጀምራል። እውነቱ ለዚህ ይቀርባል።

የእኛም መድኃኒት ቀርፋፋ ነው። የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊን ሐዘኑን ማቅለል እስኪጀምር ሳምንታት ይፈልጋል፤ አፍ ማድረቁን ግን ወዲያው ይጀምራል። ላብም ይቀንሳል፤ 40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት ጭነት ላይ ወጥቶ ሸራ ለሚያስር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው የድብርት መድኃኒት ፍሉኦክስቲን ካለ እሱን እመርጣለሁ። ቤተሰብ መድኃኒቱ እንደሚዘገይ ካልተነገረው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ በሳምንቱ ያስቆማል፤ ከዚያ ወደ ምክርና ወደ ፊልም ይመለሳል።

ስለዚህ ጠይቁ፤ ሳታድበሰብሱ፣ ነገሩን በስሙ ጠርታችሁ። ሰውዬው «አዎ» ካለ አትቆጡ፣ አትስበኩ፣ ብቻውንም አትተዉት። ቤት ውስጥ ያለውን የተባይ መርዝና መድኃኒት ከእጁ አርቁ፤ በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዛችሁት ኑ።